ሦስት ጊዜ የማይጠየቅበት ከተማ

ቡታጅራ፣ ከሰፈራችን ሰው ግማሹ አዲስ አበባን የሚያውቃት እስከ መርካቶ ነው። ዕቃ ያወርዳል፣ ዕቃ ይጭናል፣ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ በስተምሥራቅ ያለውን፣ ቦሌ የሚሉትን፣ በቴሌቪዥን ካልሆነ አያውቀውም፤ ማወቅ የሚፈልግም አይመስለኝም። እኔ ግን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እዚያ ሰንብቼ መጣሁ። የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም። እህቴ ፈቲያ መናገር እንድትማር ነው።

ፈቲያ ዲዳ አይደለችም። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ናት፣ ሎጂስቲክስ ትማራለች፣ ውጤቷም የሚያኮራ ነው። ችግሩ ዘንድሮ አንድ ድርጅት ገብታ የሥራ ልምምድ ማድረግ አለባት፤ ቦታውን ፈልጎ ማግኘት ደግሞ የተማሪው ፋንታ ነው። ፈቲያ ሁለት ወር ሙሉ ስትፈልግ ከረመች፤ ማለትም የድርጅት በር ድረስ እየሄደች፣ ዘበኛውን ሰላም እያለች ተመለሰች። በመጨረሻ ትምህርት ክፍሉ ቀን ቆረጠ። እስከሚቀጥለው ሰኞ የተቀባይ ድርጅት ደብዳቤ ያላስገባ ተማሪ ዓመቱን ይደግማል። በዚህ መሀል ጓደኛዋ በቴሌግራም ማስታወቂያ ላከችላት። ቦሌ ሩዋንዳ አካባቢ የሦስት ቀን የ"ሶፍት ስኪል" ሥልጠና አለ፣ በሦስተኛው ቀን ድርጅቶች መጥተው ልምምድ የሚወጡ ተማሪዎችን ይመርጣሉ ይላል።

እናቴ ሶፍት ስኪል ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። ፈቲያም ከሰው መግባባት፣ ማዳመጥ፣ ተባብሮ መሥራት፣ ሰዓት ማክበር ነው አለቻት። እናቴ ትንሽ አሰበችና "ይኼን እኔ ሳላስተምርሽ ቀርቼ ነው?" አለች። ከፍላ ላከቻት እንጂ ቅር ብሏታል። እኔንም አስከትላ ላከችኝ፤ ፈቲያ የማትናገረውን የምናገረው እኔ ነኛ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ የአጎቴ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ቆሜ ነው የምውለው። እዚያ እግሬ ይደክማል እንጂ አፌ ደክሞት አያውቅም።

ሰኞ

መኪናው አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሳል ተብሎ ሁለት ተኩል ተነሳ፤ ይህ እኛ ጋ በጊዜ መነሳት ነው። ቡኢ ሳንደርስ ከጎኔ የተቀመጡት እናት የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ስንት ዓመቴ እንደሆነና ለምን እንዳላገባሁ ጠይቀው ጨርሰዋል። ጢያ ላይ ከኋላ ወንበር ሙዝ በእጅ በእጅ እየተቀባበለ እኛ ጋ ደረሰ። ከተማው ጫፍ ላይ ስንወርድ ተሳፋሪው ሁሉ እንደ ሠርግ ቤት ተመራርቆ ነው የተለያየው።

ከዚያ በታክሲ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ በከተማው ባቡር ወደ ጉርድ ሾላ። ባቡሩ ውስጥ ስገባ፣ ሰው ያለበት ነውና፣ ጮክ ብዬ እንደምን ዋላችሁ አልኩ። ማንም አልመለሰም። አንዲት ሴት ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ኪሳቸው ገብተው ሳንቲም አውጥተው ዘረጉልኝ። ለካ እዚህ ባቡር ውስጥ ጮክ ብሎ ሰላም የሚል ወይ ለማኝ ነው ወይ ሰባኪ። አይ አባባ፣ ሰላም ልል ብዬ ነው ስላቸው ሳንቲሙን መልሰው ጨበጡና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ፈቲያ የማታውቀኝ መስላ እስከ ጉርድ ሾላ ሄደች። ሁሉም ሰው ጆሮው ላይ ገመድ ሰክቷል። ከቡታጅራ እስከ ከተማው ጫፍ ሰው ሙዝ ተካፍሎ መጣ፤ ከሜክሲኮ እስከ ጉርድ ሾላ ዓይን እንኳን አልተካፈለም።

ያረፍነው እትዬ ሙና ቤት ነው። የእናቴ የአክስት ልጅ ናት፣ አርባ ዓመት ይሆናታል፣ በሰባት ዓመቷ አዲስ አበባ መጥታ እዚያው ያደገች፣ አንድ የመድን ቢሮ ውስጥ የምትሠራ ሴት። ብቻዋን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ገና ሰላም ስንላት "አንቱ አትበሉኝ፣ አሮጊት አታድርጉኝ" አለችን። እኔ በግማሽ ቀን ለመድኩት፤ ፈቲያ እኔ እስክመለስ ድረስ አልቻለችም። ያመጣንላትን ቆጮና ቅቤ ስትቀበል አገላብጣ አሸተተችው፣ ዓይኗም እንባ አቀረረ። ጥሩ ሴት መሆኗን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ሶፋው ላይ እንደተቀመጥን "እራት ትበላላችሁ?" አለች።

"አይ፣ በልተን ነው የመጣነው" አልን ሁለታችንም ባንድ አፍ። ከጠዋት ጀምሮ የበላነው ያችን ሙዝ ነው።

"እሺ" አለችና ድስቱን ፍሪጅ ውስጥ ከተተችው።

የፍሪጁ በር ሲዘጋ የሰማሁትን ድምፅ አልረሳውም። እኛ ጋ ማዕድ ሲቀርብ የመጀመሪያው እምቢታ የወግ ነው። ሁለተኛው የክብር ነው። በሦስተኛው ባለቤቱ በሞቴ ይላል፣ እንግዳው ከተገደደማ ብሎ እጁን ይታጠባል። በመጀመሪያው እሺ ያለ ሰው በልቶ ያላደገ ይባላል፤ አንዴ ጠይቆ የተወ ባለቤት ደግሞ ሂዱልኝ እንዳለ ይቆጠራል። መግደርደር ነው ስሙ። አዲስ አበቦችም ቃሉን ያውቁታል፣ ጊዜ ግን የላቸውም። እኔ እንኳን በዚህ ነገር ከእናቴ ጋር ስጨቃጨቅ ነው ያደግኩት፤ እንግዳ ሆኜ ስሄድ ግን ምላሴ ራሱ እምቢ ይላል፣ እኔን አይጠይቀኝም።

ማክሰኞ

ሊነጋጋ ሲል ርሃቡ ባሰብንና ለመንገድ ከያዝነው ቆሎ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተን መቆርጠም ጀመርን። እትዬ ሙና አይጥ የገባ መስሏት መጥረጊያ ይዛ መጣች። መብራቱን ስታበራ ሁለታችንም ጉንጫችን ሞልቶ ተቀምጠናል። ፈቲያ መዋጥም መትፋትም አቅቷት ወደ ግድግዳው ዞረች። እኔ እውነቱን ነገርኳት። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በእጇ ሸፈነች፤ ትሳቅ ታልቅስ መለየት አልቻልኩም። እናቷ ይህን ወግ ነግረዋት እንደነበር፣ እሷ ግን እዚህ ስትኖር እንደረሳችው ነገረችን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማዕድ ባቀረበች ቁጥር ጣቷን እያጠፈች ትቆጥርልን ነበር፦ "ብሉ። ብሉ። ብሉ። ይኸው ሦስት ሞላሁ፣ ቅረቡ።" እንዲህ ያለ ደግነት አገሬም አላየሁም፤ እኛ ጋ ይደረጋል እንጂ አይቆጠርም።

ሥልጠናው የሚጀምረው ሦስት ሰዓት ነው። መገናኛ ስንደርስ የታክሲው ሰልፍ ሕንፃውን ዞሮ መንገድ ተሻግሯል። ሰው እዚህ ሲሰለፍ አይገፋፋም፣ አያወራም፣ ዝም ብሎ ስልኩን እያየ አንድ እርምጃ አንድ እርምጃ ይሄዳል። ቡታጅራ ባጃጅ ስንይዝ ይህን ሥርዓት ብናውቅ ኖሮ የስንት ሰው ጫማ በተረፈ። ከሰልፉ ማዶ አንድ ታክሲ ቦሌ አራብሳ ብሎ ሲጣራ ሰማሁ። ቦሌ አይደል የምንፈልገው? ሌላው ሰው ቂል ሆኖ ተሰልፏል ብዬ ፈቲያን ጎትቼ ገባሁ። አያት ስንደርስ አንዲት ሴት ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀችን፤ ሩዋንዳ ስንላት ራሷን ያዘች። ለካ በቦሌ ስም የሚጠራ ሰፈር ብዙ ነው፤ አራብሳ የሚባለው ደግሞ ከተማው ሊያልቅ ሲል የሚገኝ ነው። ሴትየዋ ከራሷ መንገድ ወርዳ፣ አስፋልቱን አሻግራ፣ መመለሻ ታክሲ ላይ አሳፍራን ሄደች። ስሟን እንኳን አልነገረችንም።

ሩዋንዳ ስንደርስ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሕንፃው መስታወት ለብሷል፣ አሳንሰሩ ግን ተበላሽቷል የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ወረቀቱ ከማርጀቱ የተነሳ ጠርዙ ተጠቅልሏል። ስድስት ፎቅ በእግር ወጣን። ፈቲያ አርፍደናል ብላ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። ገብተን ስናይ አሠልጣኙም አልመጣም። አምስት ሰዓት ላይ መጣ። ኮች ዳኒ በሉኝ አለ፤ ሠላሳ ዓመት አይሞላውም፣ ኮት ከጂንስ ጋር ለብሷል፣ ሃያ ምናምን ሰው ላለበት አንድ ክፍል ማይክ ይጠቀማል። የመጀመሪያው ትምህርት የሰዓት አጠቃቀም ነበር።

እኔ ኮሪደር ላይ ልጠብቅ ነበር ያሰብኩት። የኮች ዳኒ ረዳት ግን ለፎቶው ወንበሮቹ እንዲሞሉ ትፈልጋለች፤ ግቢና ቁጭ በይ አለችኝ። ሁለት ቀን በፎቶ ምክንያት ሠለጠንኩ።

ከሰዓት በኋላ ሰውን ዓይን ዓይኑን እያዩ ማነጋገር ተማርን። ጥንድ ጥንድ ሆነን፣ ዓይናችንን ሳንሰብር፣ ሁለት ደቂቃ መተያየት። ፈቲያ ፊት ለፊቷ የተቀመጠውን ልጅ ጫማ ሁለት ደቂቃ አየች። ኮች ዳኒ በማይክ በራስ መተማመን ይጎድልሻል አላት። እጄን አወጣሁና እኛ ጋ ትልቅ ሰው ሲናገር ዓይኑ ላይ የሚያፈጥ ዓይን አውጣ እንደሚባል ነገርኩት። አገራችን ስድብ የነበረው እዚህ ተከፍሎበት የሚሠለጥኑት ሙያ ሆኗል። ኮች ዳኒ ጥሩ ነጥብ ነው አለና ወደ ሌላ ሰው ዞረ። ያልወደደውን ነገር ሁሉ ጥሩ ነጥብ ነው እንደሚል የገባኝ ቆይቼ ነው።

ቀጥሎ አጨባበጥ መጣ። እሱ ጠበቅ አድርጋችሁ ጨብጡ ብሎ ለፈቲያ እጁን ዘረጋ፤ እሷ ወንድ አትጨብጥምና መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ ዝቅ አለች። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። በሥራ ዓለም እንዲህ አይሆንም አላት። እኔም የኛ ሰፈር ነጋዴ ሴቶች መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ እያደረጉ የሥራ ዓለም ውስጥ የገቡት አንተ ሳትወለድ ነው አልኩት። ጥሩ ነጥብ ነው አለ።

ረቡዕ

ዛሬ ተሰልፈን፣ በትክክለኛው ታክሲ፣ በሰዓቱ ደረስን። ከኛ በቀር ማንም አልነበረም።

ተባብሮ መሥራትን የተማርነው በማካሮኒ ነው። ለየቡድኑ አንድ እሽግ ፓስታ፣ እኛ ረጅሙ ማካሮኒ የምንለው፣ እና አንድ ፕላስተር ተሰጠ፤ ረጅም ግንብ የሠራ ያሸንፋል። እናቴ ብታይ ማካሮኒውን ሰብስባ ቤቷ ትወስደው ነበር። የኛ ቡድን ውስጥ አቤል የሚባል የቦሌ ልጅ ነበር፣ ልብሱ ያማረ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ የሚናገር። እሱ መሪ ነኝ አለ። ሌላዋ ልጅም መሪ ነኝ አለች። እኔ ማንም መሪ አይደለም፣ ማካሮኒውን አምጡ አልኩ። ስንጨቃጨቅ አሥር ደቂቃ አለፈ። በዚያ መሀል ፈቲያ መሬት ላይ ተንበርክካ ማካሮኒውን አሥር አሥሩን እያሰረች እግር ሠርታለታለች፤ የተሰበረውን ለማገሩ አድርጋ፣ ፕላስተሩ እንዳያልቅ በጥርሷ እየቆረጠች። የሌሎቹ ሁሉ ወደቀ፣ የኛ ቆመ። ኮች ዳኒ አቤልን አስነስቶ ስለ አመራር ችሎታው አስጨበጨበለት። አቤል አመሰገነ።

ፈቲያን ለቅሶ ቤት ብታዩዋት ነው የሚገባችሁ። ሦስት መቶ ሰው ባለበት ድንኳን ውስጥ ውሃ ያልደረሰው ማን እንደሆነ፣ የትኛዋ አሮጊት ጀርባዋን እንዳመማት፣ የትኞቹ ሁለት ሰዎች ተጣልተው ጎን ለጎን መቀመጥ እንደሌለባቸው፣ ማንም ሳይነግራት ታውቃለች። ድምፅ ሳታሰማ ሁሉን ታስተካክላለች። ማስታወቂያው የዘረዘረው በሙሉ እሷ ጋ አለ። የሌላት ማይክ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ የአሳንሰር ንግግር የሚባል ነገር ተማርን። አሳንሰር ውስጥ ከትልቅ ሥራ አስኪያጅ ጋር ብትገናኙ፣ ፎቁ ላይ እስክትደርሱ ራሳችሁን ሸጣችሁ መጨረስ አለባችሁ። እዚህ ሕንፃ ውስጥ ከሆነ ንግግሩ ስድስት ፎቅ ደረጃ ያህል ረጅም መሆን አለበት፣ ትንፋሽም ይጠይቃል ብዬ ለፈቲያ በጆሮዋ ነገርኳት። በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

መጨረሻ ላይ ለቃለ መጠይቅ ተዘጋጀን። ድክመታችሁ ምንድን ነው ስትባሉ፣ አለ ኮች ዳኒ፣ ጥንካሬ የሚመስል ድክመት ተናገሩ፤ ለምሳሌ ከመጠን በላይ እሠራለሁ በሉ። በተራ ተጠየቅን። ሁላችንም አንድ ዓይነት ድክመት ተገኘብን፤ አገሩ ሙሉ ከመጠን በላይ የሚሠራ ሰው ሞልቶ ሥራው ለምን እንደማያልቅ አይገባኝም። እኔ ጋ ሲደርስ ሰው ሲቀላምድ ዝም ብዬ መስማት አልችልም አልኩ። ይህኛውን ለቃለ መጠይቅ አትጠቀሚበት አለኝ።

ሐሙስ

የመምረጫው ቀን ነው። እትዬ ሙና ከሥራ በፊት ተነስታ የፈቲያን ቀሚስ ተኮሰች፣ የራሷን ጥቁር ጫማ አደረገችላት። ጫማው ሰፋ፤ ጫፉ ላይ ሶፍት ጠቅጥቃ ልክ አደረገችው። ቁርስ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ብላ ቆጥራ አበላችን። በሩ ላይ ስንወጣ ለፈቲያ ብቻ የሆነ ነገር በጆሮዋ ነገረቻት። ኋላ ስጠይቃት የዱዓ ነገር ነው አለችኝ።

አዳራሹ ውስጥ ስምንት ጠረጴዛ ተደርድሯል፤ በየጠረጴዛው ከድርጅት የመጣ ሰው አለ። የፈቲያ ተስፋ የነበረው አንዱ ላይ ብቻ ነው፦ ኤርፖርት የሚገባውን ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስለቅቅ የትራንዚት ድርጅት፣ ከወሎ ሰፈር። ትምህርቷ ይኸው ነው። የተቀመጠው ሰው ሳምሶን ይባላል፣ መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰው። እኔን ወደ ውስጥ አላስገቡኝም፤ የዛሬው ፎቶ ወንበር አይፈልግም። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጥፍሬን በላሁ።

ፈቲያ ስትወጣ ፊቷ በርቷል። እንዲህ ስትሆን አይቻት አላውቅም።

"ውጤትሽ በጣም ጥሩ ነው አለኝ" አለች። "ከሰኞ ጀምሮ እኛ ጋ መሥራት ትፈልጊያለሽ አለኝ።"

"ምን አልሽው?"

"አይ፣ እኔ ገና ምን አውቃለሁ፣ ከእኔ የሚሻሉ ሞልተዋል አልኩት።"

"ከዚያስ?"

"እሺ አመሰግናለሁ ብሎ ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ጨዋ ሰው ነው።" ጫማውን ወደ ላይ ሳብ አደረገች። "ገና ሁለት ይቀረዋል።"

የእትዬ ሙናን ደግነት የረገምኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሰኞ ማታ ተርበን ያደርን ጊዜ ፈቲያ የከተማውን ጠባይ ተምራ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ለሦስት ቀን ሦስት ሦስቴ እየተጠየቀች ስትበላ፣ አዲስ አበባም እንደኛው ናት ብላ አምናለች። እዚህ የሚጠይቁት አንዴ ነው፣ ግቢና እፈልጋለሁ በይው አልኳት። እንዴት ብዬ፣ ሰውየው ምን ይለኛል አለች። ልጎትታት ስል በሩ ተዘጋ። አሥር ሰዓት ላይ ግድግዳው ላይ ዝርዝር ለጠፉ። ትራንዚቱ አጠገብ የአቤል ስም አለ። የፈቲያ ስም የትም የለም። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየችው፣ ከዚያም ከታች ወደ ላይ። ከዚያ ስድስቱን ፎቅ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወረደች።

ማታ እትዬ ሙና ነገሩን ስትሰማ አልሳቀችም። ነገ ቢሮው ድረስ ሂዱ፣ ደጅ ጥኑ፣ እኔም ሥራ የያዝኩት ደጅ ጠንቼ ነው አለችን። ፈቲያ እንዲህ ከሚሆን ዓመቱን ብደግም ይሻለኛል አለች። እኔ ግን አንዷ ዓመት እንዴት እንደምትደገም አውቃለሁ፤ ሱቃችን ውስጥ አራተኛዬን እየደገምኩ ነው።

ዓርብ

ወሎ ሰፈር መኪና የማይጠገንበት አጥር ያለ አይመስለኝም። ቢሮው ጎማ ከሚሸጥበት ሱቅ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዘበኛው ቀጠሮ አላችሁ ወይ ሲል እኔ አለን አልኩ፤ ፈቲያ እውነቱን እንዳትናገር ቀድሜያት ደረጃውን ወጣሁ።

ሳምሶን ሲያየን ግራ ገባው። ጥግ ላይ አንድ ሸበቶ ሽማግሌ ጋዜጣ ያነባሉ። እኔ ጀመርኩ። የሁለት ቀኑን ሥልጠና በሙሉ አወረድኩበት፦ ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ የእህቴን ውጤት፣ ትጋቷን፣ ማካሮኒውን ሳይቀር። ሳምሶን በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ ያ የተመረጠው ልጅ ዛሬ ጠዋት ሌላ ድርጅት መረጥኩ ብሎ ደውሎ እንደተወው፣ ቦታው ክፍት እንደሆነ ነገረን። ግን ሥራው የጉምሩክ ነው አለ። እዚያ ያለው ሰው ዕቃውን ዛሬ ታወጡታላችሁ ወይ ብሎ አንዴ ነው የሚጠይቀው፤ ግድ የለም ብትይ ዕቃው እዚያው ያድራል። የምትፈልገውን እምቢ ከምትል ልጅ ጋር እንዴት እሠራለሁ አለ። እውነቱን ነው።

"ደግሞስ" አለ፣ "የምታወሪው አንቺ ነሽ። እሷ ምን ትላለች?"

ሁላችንም ወደ ፈቲያ ዞርን። ልናገርላት ከንፈሬ ሲከፈት ተሰማኝና ምላሴን ነከስኩት። አምስት ቀን ሙሉ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ያ ነው፣ ያውም ማንም ሳያስተምረኝ።

ፈቲያ ጠረጴዛውን እያየች "ፈልጌው ነበር" አለች። "እምቢ ያልኩት ደግመው ይጠይቁኛል ብዬ ነው።"

ሳምሶን እየቀለደች እንደሆነ ሊያጣራ ወደ እኔ አየ። ጥግ ላይ ጋዜጣው ዝቅ አለ። ሽማግሌው የድርጅቱ ባለቤት መሆናቸውን ያወቅኩት ሳምሶን ሲቆምላቸው ነው።

"ሳምሶን፣ ስንቴ ጠየቅካት?" አሉ።

"አንዴ ነዋ።"

"አንዴ?" ከባድ ጥፋት እንደሰማ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። "አንዴማ ጠላትም ይጠየቃል። በል ድገምላት።"

ሳምሶን መነጽሩን አስተካከለ። አፍሯል። "ከሰኞ ጀምሮ እኛ ጋ መሥራት ትፈልጊያለሽ?" አለ።

ልብ በሉ፣ ይህ ሁለተኛው ነው። ከሁሉም የሚከብደው ሁለተኛው ነው፤ በሁለተኛው እምቢ ማለት የክብር ነው። እህቴን አውቃታለሁ፤ ከንፈሯ አይ ለማለት ሲንቀሳቀስ አየሁት። ዓይኗ ወደ ሽማግሌው ሄደ፣ ወደ እኔ መጣ፣ መሬት ወረደ። ውጭ አንድ መካኒክ ሞተር እያስነሳ ያጠፋል፣ እያስነሳ ያጠፋል።

"እሺ" አለች።

ከአንገቷ እስከ ጆሮዋ ቀላች፤ የሰው ቤት ገብታ የሰረቀች ነው የምትመስለው። ሳምሶን ደብዳቤውን ጻፈ፣ ማኅተም መታበት፤ እኔ በስልኬ ፎቶ አነሳሁትና ለትምህርት ክፍሉ ላክነው። ደርሶናል የሚል መልስ እስኪመጣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ሲመጣ ፈቲያ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ አለቀሰች። ደስታ ነው ብትለኝም ሁሉም ደስታ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ዘልዬአለሁ። ከቢሮው ስንወጣ ሽማግሌው አንቺስ ምን ተማርሽ አሉኝ። አሥራ ሁለት ጨርሻለሁ አልኳቸው። ምላስሽስ ዲግሪ አለው ብለው ሳቁና ወደ ጋዜጣቸው ተመለሱ። በሩ ላይ ትንሽ ቆምኩ። አምስት ቀን ሙሉ ስለ አንዴ፣ ስለ ሁለቴና ስለ ሦስቴ ሳስብ የሰነበትኩት እኔ፣ ማንም አንዴም አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ ቃሉን ሳይጨርሱ እሺ ነበር።

ቅዳሜ

ፈቲያ እትዬ ሙና ጋ ቀረች። እትዬ ሙና እንድትቆይላት ስትጠይቃት ጣቷን ማጠፍ ጀምራ ነበር፤ አንደኛው ላይ እያለች ፈቲያ ሻንጣዋን መፍታት ጀመረች። ሁለቱም አልተያዩም። እኔን ደግሞ የኔን ምሳ፣ ለእናቴ ሻይ ቅጠልና አንድ ጣሳ የዱቄት ወተት አሸክማ ሸኘችኝ፤ እምቢ የማለት ጊዜ አልሰጠችኝም።

ባቡሩ ውስጥ ማንንም ሰላም አላልኩም። ቡታጅራ መኪና ላይ ስወጣ ግን ገና ሳልቀመጥ አምስት ሰው የማን ልጅ ነሽ አለኝ፤ ነገርኳቸው፣ ሁለቱ አጎቴን ያውቁታል።

ቤት ስደርስ እናቴ ከበር ጀምራ ጠየቀችኝ። ደብዳቤው ደረሰ ወይ? ደርሷል። ሙና ደህና ናት ወይ? ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች። ሰዎቹ ጨዋ ናቸው? ናቸው። የጉዞውን ነገር ሁሉ በሙሉ አወራሁላት፣ ሳምሶን የጠየቀውን፣ ፈቲያ የመለሰችውን፣ ምንም ሳላስቀር። እሰይ ትላለች፣ እልል ትላለች ብዬ ስጠብቅ ሻይ ቅጠሉን ከእጄ ተቀብላ አስቀመጠች።

"በሁለተኛው ነው እሺ ያለችው?" አለች።

"በሁለተኛው።"

"ሰው ነበር?"

ሳምሶን፣ ሽማግሌውና እኔ ብቻ ነን አልኳት።

ሻሿን አስተካከለች፣ በሩ ክፍት መሆኑን አይታ ሄዳ ዘጋችው። "ለማንም እንዳታወሪ" አለችኝ።

እሺ አልኳት፣ በመጀመሪያው።